ከሚዛን የወረዱት ሦስት ቧንቧዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ ደቡብ ወርዶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። ሙዝ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ጎረቤት ተካፍሎት አለቀ። ወሬው ግን አላልቅ ብሏል። መጋዘን ብቅ ያለ ሁሉ «እስቲ ያንን የቧንቧ ነገር ንገሪን» እያለ ሥራ ስላስፈታኝ፣ አንዴ ከነዝርዝሩ ጽፌ ልገላገል ብዬ ተቀመጥኩ። ወላይታን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም የማታዩ፣ ጋቢና ውስጥ ከእኔ ጎን ተሳፈሩ። ቦታው ይበቃል።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። የብረት ቧንቧ በሚያቀርብ ድርጅት ንብረት ክፍል ውስጥ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። የመጋዘን ሰው ማንንም አያምንም፤ እኔም ያለ ፊርማ ብሎን አላስወጣም። ባልደረቦቼ «ጥሩወርቅ ጥላዋን እንኳ አስፈርማ ነው ከበር የምታስወጣት» ይሉኛል፤ አልቀየማቸውም። ሁልጊዜ ዕቃ የሚያስረክበው ባልደረባችን ታሞ ሲተኛ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ጭነቱ ዲምቱ ከምትባለው የወላይታ ትንሽ ከተማ አለፍ ብሎ ለሚገኝ ሰፈር የሚሄድ የውሃ መስመር ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ውሃ ወጥቷል፤ ታንከሩም ኮረብታው ላይ ቆሟል፤ የቀረው ሁለቱን የሚያገናኘው ቧንቧ ነበር። በያጆቹ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሌላ አገር ሥራ ይነሳሉ። ዝናቡም በራፍ ላይ ነው፤ አንዴ ከገባ ያንን የአፈር መንገድ ከባድ መኪና አይደፍረውም። እስከ ዓርብ ማታ ካልተበየደ ሰፈሩ ሌላ በጋ ይጠብቃል ማለት ነው።

ሰኞ

የደብረ ብርሃን ጠዋት መቼም ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው ጭነቱን የተቆጣጠርኩት። ክሬኑ አብዛኛውን ቧንቧ ካሳረፈ በኋላ እምቢ ብሎ ቆመ። ጫኞቹ የቀሩትን ቧንቧዎች በትከሻ እያነሱ በሚመቻቸው በኩል፣ ማለትም በመኪናው ጭራ ላይ ደረደሯቸው። ሾፌራችን ከድር የቡታጅራ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። መኪናውን ዞሮ ዞሮ የኋላ ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«እትዬ፣ ኋላው ከብዷል» አለኝ።

«ጠቅላላው ከልክ በታች ነው ተብሏል እኮ።»

«ጠቅላላው እሺ። መንገዱን የሚረግጠው ግን ጎማው ነው።»

ክሬን በሌለበት ምን ይደረጋል? ካቦውን አጥብቆ፣ ታኮውን አይቶ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ተነሳ፤ እኔም አማተብኩ። አዲስ አበባን ለማለፍ ብቻ ግማሽ ቀን በላን። ቡታጅራ ስንገባ መሽቶ ነበር። ከድር ቤተሰቡ ጋ ሄደ፤ እኔን አንዲት ንጹሕ ፔንሲዮን አስያዘኝ። አልጋው ላይ ያለው አንድ አንሶላ ብቻ መሆኑን ሳይ ብርድ ልብስ ስጡኝ ብዬ ልጮህ ነበር። ከዚያ ግን ላብ በላብ ሆኜ ነው ያደርኩት።

ማክሰኞ

ሆሳዕናን አልፈን ወደ ወላይታ ስንወርድ በመስኮት ከማየት አልቦዘንኩም። እኛ አገር ሜዳው ላይ ገብስና ባቄላ፣ የድንጋይ ካብ፣ ራቅ ብሎ አንድ ቤት ነው የምታዩት። እዚያ ባዶ መሬት የለም። ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሌላ ቤት። አፈሩ ቀይ ነው፤ ነጭ ነጠላ ለብሼ መምጣቴን ወዲያው ረገምኩ። መንገዱ ዳር ሰው አይጠፋም፤ ቆመን ሽንኩርት ስንገዛ እንኳ ሁለት ሰዎች ደህና መሆናችንን ጠይቀው አለፉ። ደብረ ብርሃን ሰው የሚጠይቅህ ሲያውቅህ ነው።

አረካ ከመድረሳችን በፊት ተንቀሳቃሽ ሚዛን መንገድ ላይ ተዘርግቶ ጠበቀን። ለማያውቅ ልንገር፤ ሕጉ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ብቻ አይደለም የሚያየው። እያንዳንዱ አክስል የሚሸከመውም ለብቻው ይመዘናል፤ አንዱ ጥንድ ጎማ ከልኩ ካለፈ፣ ሌላው ቢቀልም አያድንህም። የእኛ ፊት አለፈ፣ መሐሉ አለፈ፣ ኋላው ወደቀ። ከድር ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ «ብዬሽ ነበር» የማይል ሰው ነው።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። ወርጄ ተቆጣጣሪውን ለመንኩት።

«ልጄ፣ ያለፈው እኮ ትንሽ ነው። ለውሃ ሥራ ነው የሚሄደው።»

«እናቴ፣ አውቃለሁ» አለኝ፣ በትሕትና። «ግን ሁሉም ትንሽ ነው የሚለኝ። መንገዱ የትንሾቹን ድምር ነው የሚሸከመው።»

ትርፉን ማራገፍ ነበረብን። ከጭራው ላይ ሦስት ቧንቧ ቢወርድ ይበቃል ተባለ። የት ይቀመጥ? ከሚዛኑ ፊት ለፊት አንድ ጎሚስታ አለ፤ አጠገቡ የጎሚስታው ሚስት ወይዘሮ ማርታ ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ነገራችንን ከሩቅ ስትሰማ ቆይታ ወደ ጓሮዋ በእጇ ጠቆመች። አንድ ቧንቧ ስድስት ሜትር ነው፤ ስምንት ጎልማሳ ካልተጋገዘ ከመሬት አይነሳም። ጎማ የሚያስለጥፉት፣ ሻይ የሚጠጡት፣ በመንገድ የሚያልፉት ማንም ሳይጠራቸው ትከሻቸውን አስገቡ። ሦስቱ ቧንቧዎች ወይዘሮ ማርታ እንሰት ሥር ተጋደሙ።

እኔ ደረሰኝ አውጥቼ «እባክሽ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አልኳት።

ሳቀች። «እናት፣ ቧንቧ ይበላል እንዴ? ከኔ ግቢ ምንም አትጠፋም።»

«ይጠፋል አላልኩም፤ ለሥርዓቱ ነው።»

«እሺ፣ ለሥርዓት» ብላ ፈረመች፤ ከድርንም ስልክ ቁጥሩን ተቀበለችው። ዲምቱ አራግፈን ስንመለስ እንወስዳለን ተባብለን ተለያየን። ሁለተኛ ተመዝነን አለፍን። እኔ ግን ልቤ እንሰቱ ሥር ቀርቷል። ደህና የብረት ቧንቧ ለስንቱ ነገር ይሆናል! የግቢ በር ምሰሶ፣ የገበያ ዳስ ማገር። በሐሳቤ ሦስቱንም ሸጥኳቸው።

ሶዶ ማታ ገባን። ከተማዋ ዳሞታ ተራራ እግር ሥር ናት፤ ባጃጁ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። ከድር «ወላይታ ገብቶ ቁርጥ ሳይበሉ ማደር ነውር ነው» ብሎ ሥጋ ቤት ወሰደኝ። ሥጋው ከዳጣ ጋር ቀረበ፤ ዳጣ እንደ አዋዜ ያለች የቃሪያ ማባያ ናት፤ አዋዜን ግን ጠላ አድርጋ ታስቀራለች። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር አስተናጋጁ እርጎ ይዞልኝ ሮጠ። ስለ ቧንቧዎቹ ያላሰብኩት ያኔ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ርክክቡ ሶዶ ቢሮ ስለሆነ ጠዋቱ በፊርማ አለቀ። እኔ ፊርማ አይሰለቸኝም፤ ከድር ግን ሰዓቱን እያየ መኪናውን ዞረው። ከሶዶ ወደ ዲምቱ መንገዱ እየወረደ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ጋቢዬን አጣጥፌ ተቀመጥኩበት።

ዲምቱ ስንደርስ የመንገዱ ዳር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አንድ ቧንቧ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ቧንቧዋን አይቼ ክው አልኩ፤ የድርጅታችን ሰማያዊ ምልክት አለባት።

«ይህ ቧንቧ የማን ነው?» አልኩ ወርጄ።

«የእናንተ ነው» አሉኝ አንደኛው። «ጠዋት መጣች። እንዳይነካ ቁጭ ብለን እየጠበቅን ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ገና ሶዶ ስንፈርም ወይዘሮ ማርታ ባዶውን ወደ ዲምቱ የሚሄድ አይሱዙ አቁማ «ይህችን አድርስልኝ» ብላዋለች። ያ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ እሷ ጋ ሻይ ጠጥቷል፣ ባሏ ጋ ጎማ አስለጥፏል፤ እምቢ የሚላት የለም። በእኛም አገር ቅቤና ደብዳቤ ለሾፌር ይሰጣል፤ ቧንቧ ሲላክ ግን አይቼ አላውቅም። ከድር እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«እትዬ፣ ሚዛኑ ያወረደውን እሷ ለየመኪናው አከፋፈለችው። አንድ ቧንቧ የማንንም አክስል አያስቀጣም።»

እኔ አልሳቅሁም። ያለ ፊርማ፣ ታርጋው በማይታወቅ መኪና! ደውዬ «ሁለቱን እዚያው አስቀምጪልኝ» ልላት አስቤ፣ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ሳይ አፈርኩና ስልኬን ከተትኩ።

ሰፈሩ ከዲምቱ ወጣ ብሎ ነው። የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ወይዘሮ አበበች ቤቷ አሳደረችኝ። ገንፎ በቅቤ አጥለቅልቃ አቀረበች፤ እሷ ጴንጤ ናት፣ ረቡዕ መሆኑን ልብ አላለችውም። እኔ ስሽኮረመም ገባት። «ውይ፣ ጾም ነው ለካ!» ብላ ገንፎውን አነሳች፤ ጥቂት ቆይታ ቦይና ቀቅላ በዳጣ ይዛ መጣች። ቦይና ጎደሬ የምንለው ሥር ነው። እኔ በረሃብ ይሁን በሌላ፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

እጄን ስታስታጥበኝ ውሃውን ሳህን ላይ ተቀበለችው። ከእኔ እጅ የፈሰሰውን ወስዳ ለጥጃዋ ሰጠች። ደብረ ብርሃን ቧንቧችን በኅዳር ውርጭ ጠዋት ይቀዘቅዝና ውሃ እምቢ ይላል፤ ያኔ የምናወርደውን እርግማን አስታወስኩ። እዚያ ሰፈር ውሃው ከብላቴ ወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው።

ሐሙስ

ማራገፉ ከጠዋት ተጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ እኛ ደቦ የምንለውን እነሱ ዳጓ ይሉታል። አንዱ ያዜማል፣ ቧንቧ የተሸከሙት ይቀበላሉ፣ እርምጃቸው ከዜማው ጋር ይወርዳል። በያጆቹ ከጉድጓዱ ጀምረው እየበየዱ ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። ከቀትር በኋላ ሁለተኛዋ ቧንቧ ባዶ የለስላሳ ሣጥን በጫነ መኪና መጣች። እኔም «እንግዲህ ሰው ማመን ልጀምር ነው» ብዬ ከከድር ጋር ቀለድኩ።

አመሻሽ ላይ የበያጆቹ አለቃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«አንድ ቧንቧ ጎድሏል» አለ። «ታንከሩ አፍ ስር ደርሰን ቆመናል። እስከ ነገ ማታ ከመጣ እበይደዋለሁ፤ ቅዳሜ ግን እዚህ አልገኝም።»

ከድር ለወይዘሮ ማርታ ደወለ። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ይሰማል። «ሦስቱንም ልኬያለሁ! ሦስተኛው ትናንት ማታ ሄደች፣ ሲሚንቶ የጫነ ሰው ነው የወሰደው።» ከዚያ ሾፌሩን ልታፈላልግ ዘጋች። ስትመልስ ድምፅዋ ወርዷል። የሲሚንቶው ሾፌር «የውሃ ቧንቧ ለሚጠብቁት ሰዎች ነው» ስትለው «አውቃቸዋለሁ» ብሏት ነበር። እሱ የሚያውቃቸው የውሃ ቧንቧ ጠባቂዎች ደግሞ ጉኑኖ አካባቢ ያሉ ናቸው፤ ከሶዶ ማዶ፣ በሌላው አቅጣጫ። በደስታ አድርሶላቸው፣ መርቀውት ተመልሷል።

ተናደድኩ። «ይኸው! ፊርማ ለምን እንደሚያስፈልግ ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። ወይዘሮ አበበች ለጥጃዋ ውሃ የምትሰጥበትን ሳህን ይዛ ቆማ ታየኝ ነበር።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ባዶውን መኪና ይዘን ወጣን። ያን ሁሉ ጎማ ለአንድ ቧንቧ! ከድር ሶዶን አልፎ አረካ መንገድ ላይ ወይዘሮ ማርታን አሳፈራት፤ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በወላይትኛ የምነግራቸውም እኔ ነኝ» ብላ ሱቋን ለባሏ ትታ ጠበቀችን። መንገዱን ሙሉ «ጌታ ሆይ፣ ምን ብዬ ልጀምር» ትላለች። ልገሥጻት አስቤ የነበረውን ሁሉ ረሳሁት።

ጉኑኖን አልፈን ቀበሌው ስንደርስ ያልጠበቅነው ሆነ። መኪናችንን ከሩቅ ያዩ ሰዎች ከየጓሮው መውጣት ጀመሩ። ሴቶች እልል አሉ። አንድ ጎልማሳ መኪናው ሳይቆም ጎኑን ይዞ ሮጠ፣ ወደ ላይ ተንጠላጥሎም አየ። ቀስ ብሎ ወረደ። ሌሎቹም እየተንጠላጠሉ አዩ። ቀሪውን ቧንቧ ያመጣን መስሏቸው ነበር። ከኋላ ሆነው እልል የሚሉት ባዶነቱን ገና ስላልሰሙ ጥቂት ቀጠሉና ዝም አሉ። እኔ ጋቢና ውስጥ ሆኜ አንገቴን ደፋሁ፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ሶርሳ ይባላሉ። «ሳሮ» ብለው፣ ማለት በሰላም ነው ወይ ብለው፣ እያንዳንዳችንን ጨበጡንና ቦዩን አሳዩን። ባለፈው በጋ በዳጓ የቆፈሩት ነው፤ ከምንጩ ተነስቶ እንሰቱን እየዞረ ዓይን እስከሚደርስ ይሄዳል። ቧንቧው ይመጣል ተብለው ቆፈሩ፤ ቧንቧው ቀረ። ረቡዕ ማታ አንድ ቧንቧ ሲመጣላቸው መጀመሪያው ነው ብለው እየዘመሩ ተሸክመው ቦዩ አናት ላይ አስተኙት። ሐሙስ ሌሊት የጣለው ካፊያ አፈሩን አለስልሶት ነበር፤ ቧንቧዋ እስከ ግማሿ ሰምጣለች።

ወይዘሮ ማርታ ተናገረች። ቃሉን ባልሰማም ነገሩን ከፊታቸው አነበብኩት። ወጣቶቹ መንጫጫት ጀመሩ። አንዱ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረ፦

«እኛስ? የኛ ቦይ መሬት አይደለም ወይ?»

ቦርሳዬ ውስጥ ቧንቧዋ የዲምቱ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት አለ፤ ያን ጊዜ ወረቀት ማውጣት ነውር መሰለኝ። አቶ ሶርሳ እጃቸውን አነሱና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እነዛ ሰዎች ከየት ይቀዳል?»

«ከብላቴ፣ በአህያ» አልኩ። «እጅ የታጠቡበትን ውሃ ለጥጃ ይሰጣሉ። በያጁ ዛሬ ማታ ካላገኛት ነገ ይሄዳል።»

«እኛ ምንጭ አለን» አሉ። «ቁልቁለት ነው፣ ያደክማል፣ ግን አለ።» ለወጣቶቹ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ማንም ወዲያው አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ያ የጠየቀኝ ወጣት ራሱ መጀመሪያ ቦዩ ውስጥ ወረደ።

ስምንት ሆነው አነሷት። ሴቶቹ ጭቃዋን በእንሰት ቅጠል ጠረጉላት፤ ሲጠርጉ አልተቻኮሉም። ስትጫን የሚያዜም አልነበረም። የኋላ ኋላ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ቧንቧዋ የተኛችበትን ጎድጓዳ ሊደፍነው ሲል አቶ ሶርሳ ጮሁ፦

«ተው! አትንካ። ቦታዋ ነው።»

ስኳር ድንች ሳንበላ አልለቀቁንም፤ ጾሜን ሳልነግራቸው ያለ ቅቤ አቀረቡልኝ፤ ወይዘሮ ማርታ ናት ሹክ ያለቻቸው። ደረሰኝ አላስፈረምኩም። ስንሄድ አቶ ሶርሳ «ጦሳይ አንጆ» ብለው መረቁን፤ እግዜር ይባርካችሁ ማለት ነው።

ወይዘሮ ማርታን ሱቋ አድርሰን የእነ ወይዘሮ አበበች ሰፈር ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ወይዘሮ አበበች ቧንቧዋን እንዴት እንደሰጡን ጠየቀች፤ ነገርኳት። ቧንቧዋ ተበይዳ፣ ፓምፑ ተነስቶ፣ ውሃው ታንከሩን እየመታ ሲጮህ ሌሎቹ ጨፈሩ። እሷ የመጀመሪያውን ጣሳ ቀድታ ሳትጠጣ ያዘችው። «ይህ የጉኑኖ ነው» አለችና ጠብታ እንኳ ሳታፈስ ለእኔ ሰጠችኝ። የብረትና የአፈር ሽታ ነበረው፤ ጠጣሁት።

ቅዳሜ

ስንመለስ ወይዘሮ ማርታ ሙዝ አዘጋጅታ ጠበቀችን። ከድር «እትዬ፣ ይሄም ይመዘናል እኮ» ብሎ አሾፈ። ተቆጣጣሪው በባዶው መኪናችን ላይ ሙዙን ብቻ አይቶ፣ «ዛሬስ ከልክ በታች ናችሁ» ብሎ በእጁ አሳለፈን። አዲስ አበባን አልፈን የእኛ ብርድ ሲቀበለን ጋቢዬን ደረብኩ። ቤቴ ገብቼ ቧንቧ ስከፍት እጄ ሥር ሳህን ፈለግሁ።

ከዚያ ወዲህ ከወይዘሮ ማርታ ጋር እንደዋወላለን። ዝናቡ ገብቷል። ጉኑኖዎቹ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወጥተው ቦዩን ደለል ያወጡለታል ብላ ነገረችኝ፤ ሲጀምሩም ያቺ ቧንቧ ከተኛችበት ቦታ ነው። የቧንቧ ጥያቄያቸው የት እንደቆመ በየቢሮው ስጠይቅ እውላለሁ፤ እስካሁን ያገኘሁት የለም። ጠዋት ጠዋት መኪና ሲጫን እወጣና ወዴት እንደሚሄድ እጠይቃለሁ። ከድር አሁን አሁን ገና ወደ እሱ ስራመድ ጉኑኖ አይደለም ለማለት ራሱን ይነቀንቅልኛል።